አክስቴ፣ ሳፋው እና የስኬት መጽሐፎቼ

ባለፈው ዓመት ለጊፋታ ወደ ቦምቤ ስሄድ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት መጽሐፍ ነበር። አንዱ ጤና ሳይጓደል መቶ ዓመት መኖር ስለሚቻልበት መንገድ ያወራል። ሌላው ቀንን በደቂቃ ሸንሽኖ “ውጤታማ ሰው” ስለመሆን ነው። ሁለቱንም የገዛሁት አዲስ አበባ ውስጥ፣ መጽሐፍ ከክንዱ እስከ አገጩ ደርድሮ ከሚዞር ልጅ ነው። በስልክ ወላይትኛ ሲያወራ ሰምቼ በወላይትኛ ሰላም ስለው “የሀገር ልጅ ነህ እንዴ!” ብሎ ሃያ ብር ቀነሰልኝ። አጠገቡ አንድ ሊስትሮ ተቀምጧል፤ እሱም የኛው ልጅ። አንዱ የሰው ጫማ ያሳምራል፣ ሌላው የሰው ሕይወት ማሳመሪያ ይሸጣል ብዬ ለራሴ ቀለድኩና አለፍኩ። ቀልዱ ቦምቤ ደርሼ ወደ ቁም ነገር ይለወጣል ብዬ አላሰብኩም።

ቦምቤን ለማታውቁ፣ በወላይታ ዞን የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከአረካ ወዲያ። እንሰት ጓሮውን ሁሉ ይሸፍናል፣ ጎደሬ (እኛ ቦይና የምንለው) በየማሳው አለ፣ መሬቱ ጠባብ ነው፣ ሰዉ ብዙ ነው። አፈሩ ደግሞ ቀይ ነው። ክረምት ላይ እግር ይዞ አይለቅም፤ በጋ ላይ አቧራው ነጭ ልብስን በአንድ ቀን የጡብ ቀለም ያስመስለዋል። ልጅ ሆነን ያ አፈር መጫወቻችን ነበር። በባዶ እግር።

አክስቴ ዕድሜዋን በቁጥር አታውቅም። “ንጉሡ ሲወርዱ ትንሽ ልጅ ነበርኩ” ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማስላት የኛ ሥራ ነው። ማታ፣ ሰው ሁሉ ከበላና ቡና ከተጠጣ በኋላ፣ የማትዘለው ነገር አላት። ሳፋ ታወጣለች። ውሃ ትሞላለች። ግራ እግሯን በሳሙና፣ ጣቶቿን እየለየች፣ በየእጥፋቱ እየገባች ታጥባለች። ቀጥላ ጥቂት በረኪና ጠብ ያደረገችበት ንጹህ ውሃ ውስጥ ትነክረዋለች። ሩብ ሰዓት ያህል። በፎጣ፣ መሃል ለመሃል ሳይቀር፣ ታደርቀዋለች። ቫዝሊን ትቀባዋለች። መጨረሻ ላይ እግሯን ዱካ ላይ ከፍ አድርጋ ታሳርፈውና ወሬዋን ትቀጥላለች። እግሩ ከጉልበት በታች የሌላው እጥፍ ነው። ልጅ ሆና ነው የጀመራት። ዝሆኔ ይባላል።

በዚያች ማታ አጠገቧ ተቀምጬ ሁለተኛውን መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር። የደረስኩበት ምዕራፍ ትንሽ ነገርን በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከሌላ ልማድ ጋር አያይዞ መሥራት ሕይወትን ይለውጣል ይላል። ቀና ብዬ ሳያት አክስቴ በትክክል ያንን እያደረገች ነው። ከቡና ጋር አያይዛው፣ በየቀኑ፣ ዓመታት ሙሉ። ያንን ምዕራፍ ከሷ በተሻለ የፈጸመ ሰው አላውቅም። እሷ ደግሞ መጽሐፍ አንብባ አታውቅም። ታዲያ ያ ሳፋ እዚያ ቤት እንዴት ገባ? ይህ ጽሑፍ የተነሳው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ዝሆኔን ስንሰማ አብዛኞቻችን ትንኝ ትዝ ይለናል። በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው የዝሆኔ ዓይነት በእርግጥ ትንኝ በምታስተላልፈው ጥገኛ ትል የሚመጣ ነው። ግን የወላይታ ደጋና ወይና ደጋ ላይ ትሉ የለም፤ እግሩ ግን ያብጣል። ይህ እንቆቅልሽ ሐኪሞችን ለረጅም ጊዜ ግራ ሲያጋባ ቆይቷል። ኦመን የሚባል ተመራማሪ በ1969 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት አሠራሩ ዛሬም ያስገርመኛል፤ በኢትዮጵያ 56 ገበያዎች ላይ የሚያልፈውን ሕዝብ እግር ማስቆጠር። አስቡት፤ የገበያ ቀን፣ አንዱ በርበሬ ሲያስመዝን፣ አንዱ በግ ሲጎትት፣ ቆጣሪው ቆሞ እግር ብቻ ያያል። ከመቶ ገበያተኛ በአማካይ 2.7 ያህሉ እግሩ ያበጠ ሆኖ ተገኘ። ገበያ መውጣት ያቃተው፣ ወይም ሰው ፊት መታየት የጠላው፣ ቁጥሩ ውስጥ አልገባም።

ከዚያ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነገሩን ያዘው። ፕራይስ ቀድሞ በሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ ይሠራ ስለነበር ለእግር ዓይን ነበረው። በሽታው የት የት እንዳለ ካርታ ላይ ሲያስቀምጠው ከፍታ ቦታ፣ ብዙ ዝናብና ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር አንድ ላይ መጡ። የሕሙማን የሊምፍ ዕጢ ሲመረመር ሲሊከንና አሉሚኒየም ያለባቸው ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች ተገኙ። በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ቆዳው ውስጥ አፈሩ ይገባል፣ ቅንጣቶቹ የሊምፍ ቱቦውን ያስቆጡታል፣ ቱቦው ቀስ በቀስ ይደፈናል፣ ፈሳሹ መሄጃ ያጣል፣ እግር ያብጣል። ስሙንም እሱ አወጣለት፤ ከግሪክኛው እግርና አቧራ ቃላት ፖዶኮኒዮሲስ። የአቧራ እግር እንደማለት።

ቦምቤ ላይ ስናቦካው ያደግነው አፈር ነው እንግዲህ።

ይህን ያወቀ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው “ታዲያ ሁሉም ሰው በባዶ እግሩ ሲሄድ ለምን አንዱ ታሞ አንዱ ይተርፋል?” የሚል ነው። ሰፈሩም የጠየቀው ይህንኑ ነበር፣ መልሱንም ለራሱ ሰጠ፤ ዘሩ ነው፣ እርግማን ነው፣ የሠራው ነገር ቢኖር ነው። ዝሆኔ ያለበት ቤት ልጅ አይዳርም። ልጁ ትምህርት ቤት ላይ አብሮት የሚቀመጥ ያጣል። ዕድር ላይ ዳር ይይዛል። ከበሽታው በላይ የሚያመው ይህ እንደሆነ አክስቴን ብትጠይቋት ትነግራችኋለች። እሷን የፈለገ ሰው ነበረ። ቤተሰቦቹ እግሯን አይተው ተመለሱ። ይህን የምትናገረው ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሰው ነው።

የሚገርመው ሰፈሩ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በ2012 እ.ኤ.አ. ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በወላይታ ሕሙማን ላይ ሠርተው በታዋቂ የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት ለበሽታው የሚያጋልጥ በዘር የሚወረስ የሰውነት መከላከያ ልዩነት እንዳለ አሳየ። ዘር አለበት ማለት ነው። ግን ዘሩ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ አፈሩ ካልነካህ አትታመምም። ያው ዘር ያለው ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግ እግሩ እንደ ማንም እግር ያረጃል። ሰፈራችን ግማሹን እውነት ይዞ የወሰደው ውሳኔ ነው የከፋው።

አሁን ወደ መጽሐፎቼ ልመለስ፤ ታሪካቸው ከእግር ታሪክ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ።

በጤና ስለማርጀት የሚመክሩ መጻሕፍት አያት ቢፈለግለት ሉዊጂ ኮርናሮ ነው። ጣልያናዊ ባላባት፣ በፓዶቫ የኖረ፣ በወጣትነቱ በምግብና በመጠጥ ሰውነቱን አበላሽቶ ሐኪሞች ተስፋ የቆረጡበት። ከዚያ ምግቡን በቀን 12 አውንስ፣ ወይኑን 14 አውንስ ላይ ገደበና (ወይኑ ከምግቡ እንደሚበልጥ ልብ በሉልኝ) ዳነ። በ1558 እ.ኤ.አ. ስለ ልከኛ ኑሮ የጻፈው መጽሐፍ ለመቶዎች ዓመታት እየታተመ ተነቧል። ኮርናሮ ምን ያህል ኖረ ብትሉ ግን ችግር አለ፤ የልደት ዓመቱ ላይ የታሪክ ሰዎች አይስማሙም፣ ዕድሜውን ሳይጨምርበት እንዳልቀረ የሚያምኑም አሉ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይከተለናል። መቶ ዓመት የሚኖሩ ሰዎች በብዛት አሉባቸው የሚባሉ አካባቢዎችን ምስጢር የሚሸጡ መጻሕፍት በሞቁበት ጊዜ፣ ሶል ኒውማን የሚባል ተመራማሪ ከእነዚያ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ የመጡት የልደት መዝገብ ከተዘበራረቀበት ቦታ እንደሆነ አሳይቶ በ2024 እ.ኤ.አ. አስቂኝ ለሆኑ ግን ለሚያሳስቡ ጥናቶች የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት ወሰደ። በዚህ ስሌት አክስቴም መቶ ሃያ ናት ብንል ማን ይከራከረናል?

የቅልጥፍናውና “ራስህን አሻሽል” የሚለው መስመር ደግሞ ስሙን ያገኘው ከስኮትላንዳዊው ሳሙኤል ስማይልስ ነው። በ1859 እ.ኤ.አ. “ራስን መርዳት” የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ከምንም ተነስተው የከበሩ መሐንዲሶችን፣ ሸክላ ሠሪዎችን፣ ፈልሳፊዎችን ታሪክ እየደረደረ ትጋት፣ ቁጠባና ጽናት ሰውን ያሳድጋሉ ይላል። መጽሐፉ በዓለም ዞረ፤ በ1871 እ.ኤ.አ. ጃፓንኛ ሆኖ የዘመኑ ወጣቶች ተሻሙበት። በኛም አገር ምክር በመጽሐፍ መስጠት እንግዳ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ “ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ”ን ያሳተሙት በ1910 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ደግሞ የስኬት ቁልፍ በቁጥር ይሸጣል፤ ከኮቪ ሰባት ልማዶች (1989 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እስከ ጄምስ ክሊር ጥቃቅን ልማዶች (2018 እ.ኤ.አ.) ድረስ ተተርጉሞ፣ ተጨምቆ፣ በድምፅ ተቀርጾ እጃችን ላይ አለ።

ስማይልስ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ፕራይስና ከሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች የድሮ ጽሑፎችን ሲያገላብጡ ይህ የአቧራ እግር አንድ ጊዜ በሰሜን አፍሪካ፣ በፈረንሳይ፣ በአየርላንድና በስኮትላንድ እንደነበረ ደረሱበት። ስኮትላንድ! የራስ ማሻሻያ መጽሐፍ አባት አገር። ከዚያ ጠፋ። ያጠፋው ክትባት አይደለም፣ መድኃኒትም አይደለም፤ ገበሬው ጫማ ማድረጉ ነው። ጫማ ረከሰ፣ መንገድ ተነጠፈ፣ ቤት ወለል አገኘ፣ ሰዉም በሽታው እንደነበረ እንኳ ረሳው። ስማይልስ ከድሃ ቤት ወጥተው የከበሩትን ሲዘረዝር እግራቸው ላይ ስለነበረው ጫማ ማውራት አላስፈለገውም። ለሱ ጫማ የታሪኩ አካል አይደለም፤ የቆመበት መሬት ነው።

ችግሬ ያለው እዚህ ጋ ነው። እነዚህ መጻሕፍት ውሸታሞች ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ብዙው ምክራቸው ትክክል ነው፣ አክስቴ ምስክር ናት። ግን ለምን አልተሳካልህም ብለው ሲጠይቁ ምክንያቱን ሁልጊዜ እሰው ውስጥ ይፈልጉታል፤ አስተሳሰቡ፣ ስንፍናው፣ ልማዱ። የኛ ሰፈርም አክስቴን አይቶ ምክንያቱን የፈለገው እዚያው ነበር፤ ዘሯ፣ ኃጢአቷ፣ እርግማኗ። አንዱ በጨዋ ቋንቋ፣ ሌላው በጭካኔ፣ ሁለቱም “ያመጣኸው አንተ ነህ” ይላሉ። አጎንብሶ አፈሩን ያየው ፕራይስ ነው።

ወሬው በዚህ አያበቃም፤ አስቂኙ ክፍል ገና ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የሩጫ መጽሐፍ ወጥቶ አሜሪካንን አነቃነቃት፤ የሜክሲኮ ተራራ ሯጮችን እያወደሰ ዘመናዊ ጫማ እግርን እንዳበላሸ ይሰብካል። በማግስቱ በባዶ እግር መሮጥ ፋሽን ሆነ። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌላ መጽሐፍ መጣ፤ ባዶ እግርን መሬት ላይ ማሳረፍ ከምድር የኤሌክትሪክ ኃይል ያስገኛል፣ መቆጣትን ያበርዳል፣ ጤናን ይመልሳል የሚል። ከጤናማ እርጅና ምክሮች ጋር ዛሬም ቲክቶክ ላይ ይዞራል፤ ሳር ላይ በባዶ እግሯ የምትሄድ ነጭ ሴትና ለስለስ ያለ ሙዚቃ፣ አይታችሁታል። በባዶ እግር እንደመሄድ ያደርጋል ብሎ ባለ አምስት ጣት ጫማ የሸጠው ቪብራም ጤና ነክ ማስታወቂያው መሠረት የለውም ተብሎ ተከሶ በ2014 እ.ኤ.አ. 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በእነዚያው ዓመታት ወላይታ ላይ ሐኪሞችና ነርሶች “እባካችሁ ልጆቻችሁን ጫማ አድርጉላቸው” እያሉ በየቀበሌው ይለምኑ ነበር።

ይህን ስናገር “አበበ ቢቂላስ?” የሚል አይጠፋም። እኔም ብዬው አውቃለሁ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ዓለምን ያስደነቀ ሰው ልጆች ነን፤ ባዶ እግር ለኛ የኩራት ምስል ነው። አበበ ግን የሮጠው በአስፋልትና በድንጋይ ንጣፍ ላይ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማና ካልሲ አድርጎ ሮጠ፤ ከሮሙም ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጠነ። ፎቶው ግን የሮሙ ነው የሚለጠፈው።

ስለ ቅልጥፍና ካወራን የወላይታ ቁጥር አለ፤ ካነበብኳቸው የጊዜ አጠቃቀም መጻሕፍት ሁሉ እሱ ነው ያስደነገጠኝ። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በዞኑ ከመቶ ሰው 5.46 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት አገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ እነ ፋሲል ተኮላ ቀጥለው ጠየቁ፤ ይህ ለኑሮ ምን ማለት ነው? አንድ ሕመምተኛ በዓመት ከሥራ ቀኖቹ 45 በመቶውን ያጣል። በገንዘብ ሲሰላ በሰው 63 ዶላር። ሌላው ወጪ ሲደመርበት ደግሞ ያኔ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ለነበረው ዞን በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ።

45 በመቶ! እኔ ጠዋት 5 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬን ከመነካካት 20 ደቂቃ ለማዳን መጽሐፍ ገዝቼ እያነበብኩ ነው። ከሁለት የሥራ ቀን አንዱን ሊያጣ ጥቂት ለቀረው ገበሬ የትኛው ምዕራፍ ነው የሚነበብለት? ጊዜውን የሚበላበት ስልክ አይደለም። እግሩ በየጊዜው ይቆጣል፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ፣ እግሩ እንደ እሳት ይፋጃል፣ ቀናት ይተኛል። ማረሻው ቆሞ ይጠብቃል፣ ዝናቡ ግን አይጠብቅም።

ዕድሜን በተመለከተም እንዲሁ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተወለደ ኢትዮጵያዊ በአማካይ ይኖራል ተብሎ የሚጠበቀው 40 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ65 በላይ ነው። ይህን ያመጣው ማንም ሰው ጠዋት ተነስቶ ያደረገው ማሰላሰል አይደለም። ክትባት ነው፣ የፈንጣጣ መጥፋት ነው (የመጨረሻው ኢትዮጵያዊ ታማሚ የታየው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው)፣ የወባ አጎበር ነው፣ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ናቸው። የነሱም ትምህርት “16 ፓኬጅ” ይባል ነበር፤ ስሙ የስኬት መጽሐፍ ቢመስልም በእግሩ ቤትህ ድረስ ይመጣል። ዝሆኔ ግን ሰው አይገድልም፤ ለዚህም ነው የተረሳው። ዕድሜ ሲረዝም እግሩም አብሮ ያረጃል። ሌላው 20 ዓመት ሲጨመርለት አክስቴ 20 ዓመት ከእብጠቱ ጋር ተጨመረላት።

ሳፋው እንዴት ገባ ብዬ ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. ቀደም ሲል በኢትዮጵያ ያገለገለ አሜሪካዊ የሚሲዮን ሐኪም፣ ዶክተር ናታን ባርሎ፣ ወላይታ ላይ ለእነዚህ ሕሙማን ብቻ የሚሠራ ፕሮጀክት ጀመረ። “ሞሲ ፉት” አሉት፤ በእግሩ ቆዳ ላይ የሚወጣው ሸካራ ነገር በአማርኛ የድንጋይ ሽበት የምንለውን ስለሚመስል። ሥራው ኋላ ላይ በኢትዮጵያውያን የሚመራ ማኅበር ሆነ፣ በዞኑ የተለያዩ ቦታዎች የሕክምና ጣቢያዎች ከፈተ። ትልቁ ነገር ማሽን ወይም ውድ መድኃኒት አልነበረም። ሳሙና፣ ውሃ፣ በረኪና፣ ቅባት፣ ካልሲ፣ ጫማ። ያስተማሩትም በአብዛኛው ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰዎች አልነበሩም፤ እዚያው ታክመው የተሻላቸው ሕሙማን ነበሩ። ያበጠው እግር መደበኛ ጫማ ስለማይገባለት ጫማ መስፋት የተማሩ ሕሙማንም ነበሩ፤ ለራሳቸውም ለሌላውም እየለኩ ሰፉ።

አክስቴ ያንን ትምህርት ያገኘችው ከአንዲት እንደሷ ካለች ሴት ነው። የምታስታውሰው ስለ ሳሙና የተባለውን አይደለም። “እግሬን በእጇ ያዘችው” ነው የምትለው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእናቷ በቀር እግሯን የነካ ሰው አልነበረም። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ሳፋው ውስጥ አስገብታ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠበችላት። በሚቀጥለው ሳምንት ራሷ አጠበች። ከዚያ በኋላ ማንም አላስታወሳትም፣ አላቋረጠችም።

ይህ ልማድ ይሠራል ወይስ መጽናኛ ነው ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ጥያቄው በአግባቡ ተፈትሿል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹ ይህንኑ የእግር አጠባበቅ ወዲያው እንዲጀምር፣ ግማሹ ከዓመት በኋላ እንዲጀምር አደረጉ። ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጣ። ያልጀመሩት በሰው በዓመት 23.9 ጊዜ ሲቆጣባቸው፣ የጀመሩትን 19.4 ጊዜ ነበር። አንድ አምስተኛ ያህል ቅናሽ። መጽሐፍ ሻጭ ቢሆን “ሕይወትህን ይለውጣል” ብሎ በወርቅ ቀለም ይጽፈው ነበር። እኔ ግን ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት፤ ታጥቦም፣ ተቀብቶም፣ አሁንም በዓመት 19 ጊዜ። ልማዱ እውነት ነው፣ ልኩም ያው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን በሽታ ከተዘነጉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጤና ሚኒስቴርም በ2013 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ዕቅዱ ውስጥ አካተተው። በኋላ በተሠራ ካርታ በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ጎልማሶች እንደታመሙ፣ 35 ሚሊዮን ያህል ሰው ደግሞ በሚያጋልጥ አካባቢ እንደሚኖር ተገመተ። ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል፤ ሁሉም ባለሙያ የሚስማማበት ነው። ጫማ ብቻ።

“ጫማ ብቻ” የሚለውን ቃል ግን ቦምቤ ላይ ደግሜ ደጋግሜ አሰብኩበት። ወላይታ ላይ ሰዎችን “ለምን አታደርጉም?” ብሎ የጠየቀ ጥናት አንብቤያለሁ፤ መልሱን ሁላችንም የምናውቀው ነው። ብር የለም። ካለም አንድ ጫማ ነው፣ እሱ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለገበያና ለለቅሶ ነው። እርሻ ላይ ጭቃው ይይዘዋል፣ ያንሸራትታል። ኮንጎ ጫማ በሙቀት እግር ያፍናል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ቤት ውስጥ አንድ ጫማ ብቻ ሲገዛ ቅድሚያ የሚያገኘው አባት ነው ወይም ተማሪው ልጅ፤ ሴቷ ትቆያለች። አፈሩ ግን የሚቆየው ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ማሳው ላይ ነው።

ጊፋታ ሲያልፍ፣ ልመለስ ስል፣ አክስቴ “መጽሐፍህ ምን ይላል?” አለችኝ። ስለ እርጅናው መጽሐፍ ነገርኳት፤ ብዙ አትብሉ፣ ብዙ ተራመዱ፣ ከሰው ጋር ኑሩ፣ የምትነሱበት ምክንያት ይኑራችሁ። እየሰማች ራሷን ነቀነቀች፤ የመጀመሪያው ላይ ሳቀች። ለመብል መቸገር እንጂ መቀነስ መቼ ምክር ሆኖ ያውቃል! “ስለ እግርስ?” አለች። ስለ እግር ምንም የለውም። “ስለ ጫማ?” እሱም የለውም።

በማግስቱ ጠዋት ባጃጅ እስኪመጣ ከኋላዋ ወደ ጓሮ ተከተልኳት። ከአዲስ አበባ ያመጣሁላትን ጫማ፣ ሰፊውን፣ በልኳ ያሰፋሁትን፣ አድርጋለች። እንሰቱ አጠገብ ስትደርስ ሌሊት የዘነበው ዝናብ አፈሩን አጨቅይቶታል። ቆመች። ጎንበስ ብላ ጫማዎቹን አንድ በአንድ አወለቀች፣ በእንሰት ቅጠል ጠረገቻቸውና አጥሩ ላይ ሰቀለቻቸው። “አዲስ ናቸው እኮ፤ ይበላሻሉ” አለችኝ። ገባች።